ሥራችሁ ምንድን ነው ያለችን ሴት

ያን ጊዜ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1993፣ እስራኤል አገር፣ በረሆቮት ከተማ ክፋር ግቢሮል በሚባል ሰፈር ውስጥ ትምህርት ቤት እንሠራ ነበር። ዝናቡ ግቢውን አጨቅይቶታል። አስቻለች ያን ጭቃ ተሻግራ ስትመጣ ቢጫ የፕላስቲክ ቆቧ ሻሿ ላይ አልቀመጥ ብሎ ዓይኗ ላይ እየወረደ ያስቸግራታል። የኛ የቤተ እስራኤል ወንዶች ሴት ወደ ግንባታ ቦታ ከመጣች ወይ ባሏን ፍለጋ ነው ወይ የሚሸጥ ነገር ይዛ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ አንዱ የማን ሚስት ናት ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው ዳቦ ይዛ እንደሆነ ብሎ ከወዲሁ ኪሱን ዳበሰ። እኔ ሳቄን ዋጥሁ። አስቻለች ጎረቤቴ ናት፤ ለምን እንደመጣች አውቃለሁ።

ስለ እሷ ሳወራ አጋነንህ የሚሉኝ አሉ። ይበሉ፤ እነሱ አላዩም።

አስቻለች በሱዳን በኩል ከመጡት ናት። አባቷን አቶ አለበልን ደግፋ በእግሯ ወጥታ፣ እዚህ ደርሳ የረሆቮት ባቡር ጣቢያን ስትጠርግ ኖራ፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ ተምራ ነው ሰው የሆነች። እኔና መሰሎቼ በ1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን ስንደርስ እሷ ዕብራይስጡን እንደ ውኃ ትጠጣው ነበር። ባል አላገባችም። ለምን አላገባሽም ብሎ የሚያደርቃትን ሰው፣ አንተስ ደመወዝህ ስንት ነው ትለዋለች። ሰውየው ወዲያው ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራል።

ሥራዋም እሱው ነበር፤ ደመወዝ መጠየቅ። በመንግሥት ገንዘብ በሚሠራ ሕንፃ ላይ ቀብላኑ፣ ማለትም ሥራ ተቋራጩ፣ ለየሙያው በአካባቢው ከተለመደው ክፍያ በታች መክፈል የለበትም የሚል ደንብ መጥቶ ነበር። የተለመደው ስንት እንደሆነ ለማወቅ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ጠያቂዎች ቀጥሮ ከረሆቮት እስከ ነስ ጺዮና በየግንባታው አሰማራ። ሥራህ ምንድን ነው፣ ስንት ይከፈልሃል፤ ጥያቄው ይኸው ነው። ከየሙያው አብዛኛው ሰው የሚያገኘው ክፍያ ለቀጣዮቹ የመንግሥት ሕንፃዎች ዋጋ ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን ቀብላኖቹ ይህን ሥራ በከተማችን ተራ ሠራተኛ ነው የሚሠራው ካሉ፣ ሠራተኛውም ራሱ አዎ ካለ፣ ሥራው ሙያ መሆኑ ይቀርና በተራ ሠራተኛ ዋጋ ይተመናል።

የኛን ሰዎች እንድትጠይቅ የተመደበችው አስቻለች ናት። ክፍያውን ማወቅ አልከበዳትም። የኛ ሰው ስንት ታገኛለህ ሲሉት ተመስገን ነው የሚለው፤ እሷም ተመስገን አይደመርም እያለች ሁሉንም ትሉሹን፣ የደመወዝ ወረቀቱን፣ ታስወጣው ነበር። ያቃታት የፊተኛው ጥያቄ ነው።

በኛ ግንባታ ብረቱን የሚያስሩት ጋሼ ተዘራና አብረዋቸው የሚውሉት የወገራና የደምቢያ ሰዎች ነበሩ። ብረት ማሰር የዋዛ ሥራ አይደለም። ፌሮው ተለክቶ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ በሽቦ እየተቋጠረ ምሰሶ ሆኖ ይቆማል፤ አርማታው የሚፈስበት ከዚያ በኋላ ነው። ቋጠሮው ከላላ ፎቁን የሚሸከመው የለም። ይህን የሚሠራ ሰው በዕብራይስጥ በርዝላን ይባላል፣ በሌላው ግንባታ ሁሉ ክፍያው ደህና ነው። የኛ ቀብላን ግን ጋሼ ተዘራንም ጓደኞቻቸውንም ፖዔል ፓሹት፣ ተራ ሠራተኛ፣ ብሎ ጽፎ የሚከፍላቸው ለእኔ የሚከፍለኝን ነበር። እኔ ደግሞ ውኃና ጣውላ ተሸካሚ ነኝ። በዚያ ግቢ እውነተኛው ተራ ሠራተኛ ማን ነው ቢባል እኔ ይግዛው ነኝ፤ ማንም አልበደለኝም።

አስቻለች በየተራ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ተዘራ ፒንሳቸውን እንደያዙ፣ እጃቸው በሽቦ ተጫጭሮ እያየችው፣ ተራ ሠራተኛ ነኝ አሉ። ቀጣዩም እንዲሁ አለ፤ ከሱ የሚቀጥለውም። እኔ ዘንድ ስትደርስ እኔም ተራ ሠራተኛ አልሁ፤ አንተስ እውነትህን ነው ብላ ጻፈችኝ። የሌሎቹን ሳትጽፍ ወረቀቷን አጥፋ ሄደች።

አለቃዋ ሚሪ የምትባል ሴት ነበረች፤ ክፉ አይደለችም፣ ደንብ ግን አትለቅም። አስቻለች ሲሠሩ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በርዝላን ብዬ ልጻፋቸው ብትላት፣ ያላሉትን ከጻፍሽ ውሸት ነው አለቻት። ሐሙስ ጥያቄው ያበቃል፤ እስከዚያ ቃላቸው ካልተለወጠ ቀብላኑ ያለው ይጸናል። ከጸና ደግሞ ከዚያ በኋላ በከተማው በሚሠራው የመንግሥት ሕንፃ ሁሉ ላይ የጋሼ ተዘራ እጅ ዋጋው የእኔን ጀርባ ያህል ነው።

አመሻሹ ላይ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በንዴት ጦፋለች። እጃቸው እየመሰከረባቸው ለምን ይዋሻሉ አለችኝ። እኔ ምን አውቄ፤ በርዝላን ብለሽ ልትጽፊያቸው ስትመጪ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር ብዬ ነገሩን ልተወው ስል፣ አባቷ ለካ በሩን ገርበብ አድርገው ይሰሙን ኖሯል።

"ምን ይበሉሽ ታዲያ?" አሏት። "እኔስ የት ላይ ተናግሬ አውቃለሁ?"

ያን ጊዜ ነገሩ ገባን። በኛ አገር ብረት የሚሠራ ሰው ቀጥቃጭ ይባላል፣ ቃሉም ስድብ ነበር። ጎረቤት ጠዋት ማረሻውን አስቀጥቅጦ ይሄዳል፤ ልጁ የታመመ ዕለት ግን ያ ቀጥቃጭ ነው የበላብኝ፣ ቡዳ ነው ይላል። ጅብ ሆኖ ያድራል እየተባለ የተደበደበ አለ፣ ጎጆው የተቃጠለበት አለ። ስለዚህ ሥራህ ምንድን ነው ሲባል አራሽ ነኝ፣ ተራ ሰው ነኝ ማለትን የቀጥቃጭ ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚጠባው። አቶ አለበልም ቀጥቃጭ ነበሩና ወደ ሱዳን ሲወጡ ልጃቸውን መንገድ ላይ ማንም ቢጠይቅሽ አባቴ ገበሬ ነው በይ ብለዋታል። እዚህ ደርሰው ሲመዘገቡም ገበሬ አሉ። በሕይወታቸው በሬ ጠምደው አያውቁም።

አስቻለች ከደረጃው ተነሣችና፣ እንግዲያው ነገ የማን ልጅ እንደሆንሁ እነግራቸዋለሁ አለች። አቶ አለበል ደነገጡ። ተይ አሏት። እዚህም እኮ ያሉት የዚያው አገር ሰዎች ናቸው፣ ነገ ልጃቸውን ከዓይንሽ ይሸሽጉብሻል፣ ቤትሽ የሚመጣ ይጠፋል ብለው ለመኗት። ልመናቸው እንዳላራራት ሲያዩ በሩን ዘግተው ገቡ። እኔም ፈራሁላት። የቃሉን ክፋት በልጅነቴ አይቻለሁና ደፍሬ በርቺ ልላት አልቻልሁም።

በማግስቱ ረቡዕ ምሳ ላይ መጣች። ሰዎቹ ጣውላ ላይ ተደርድረው ይበላሉ። ጋሼ ተዘራ ገና አፏን ሳትከፍት በደግ አንደበት፣ "ልጄ፣ ነገርንሽ እኮ፤ ፓሹት ነን። ቤሰደር፣ ተግባባን?" አሏት።

አስቻለች ያን ቢጫ ቆብ አወለቀችና በሁለት እጇ ያዘችው።

"እኔ አስቻለች አለበል ነኝ" አለች። "አባቴ ወገራ ላይ ቀጥቃጭ ነበሩ። ወናፉን የምነፋላቸው እኔ ነበርሁ።"

ማኘክ ቆመ። ይህን ቃል ሌሎች ስለኛ ሲሉት እንጂ አንዲት ሴት በገዛ አፏ፣ በሰው ፊት፣ ስለ ራሷ ስትለው የሰማ ከመካከላችን አልነበረም። አንዱ ሰሚ እንዳለ ለማየት ወደ መንገዱ ዞር አለ። ከወዲያ በኩል ከሩሲያ የመጡት ግንበኞች ሳቅና ጨዋታቸውን ቀጥለዋል፤ ለእነሱ ቃሉ ምንም አይደለም።

"የአለበል?" አሉ ጋሼ ተዘራ በቀስታ። "የትኛው አለበል? ያ ማረሻው የማይዶለዱመው?"

"እሳቸው ናቸው። እዚሁ ረሆቮት አሉ፤ ገበሬ ተብለው።"

ጋሼ ተዘራ ዳቧቸውን አስቀመጡ። የአቶ አለበልን ማረሻ በልጅነታቸው ያውቁት ኖሯል፤ አባታቸው ገበያ ላይ እያገላበጡ እንዲህ ነው የሚሠራ ብለው ያሳዩዋቸው ነበር። ያን እጅ ገበሬ ብለው ጻፉት ብለው ተቆጡ፤ ራሳቸውም ፓሹት ነን ማለታቸው ትዝ ሲላቸው ግን ቁጣቸው ወደ ራሳቸው ዞረ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁት። ከዚያ ተነሥተው ቆሙ።

"ጻፊ" አሉ አፋቸውን ሞልተው። "ቀጥቃጭ ነኝ። አባቴም ነበር፣ አያቴም ነበር። እዚህ በርዝላን ከተባለ በርዝላን በይው።"

ሌሎቹም ተከተሉ። አንደኛው በሹክሹክታ ቢናገር አስቻለች አልሰማሁህም አለችው፤ በደንብ ሰምታዋለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። አንዱ የአባቱን ስም ጨመረበት፣ ሌላው የመንደሩን። ብቻዬን ቀረሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የሚሸሸው ሙያ ነበር፤ በዚያች ቀን ግን ቀጥቃጭ ባለመሆኔ አፈርሁ። በእናቴ ወገን እንኳ አንድ ወናፍ የነፋ ዘመድ ይኖረኝ እንደሆነ ባስብ ባስብ አንድም አልተገኘም።

ቀብላኑ ሲሰማ ተንጨረጨረ። የሙያ ማስረጃ የላቸውም አለ። ሐሙስ ጠዋት ሚሪ ራሷ መጥታ አንድ ምሰሶ ታስሮ እስኪያልቅ ጭቃው ላይ ቆመች። ጋሼ ተዘራ እንደምታያቸው አውቀው ሲቋጥሩ ቁመታቸው የጨመረ መሰለኝ። ሲያበቁ ሚሪ ምሰሶውን ይዛ ነቀነቀችው፤ ንቅንቅ አላለም። ለቀብላኑም የጠየቅነው ምን ወረቀት አላቸው ብለን ሳይሆን ምን ይሠራሉ ብለን ነው ብላው ፈረመች። ደንብ የማትለቅ ሴት አንዳንዴ ጥሩ ናት።

በኛ ሕንፃ የሚደበቅ ወሬ የለም፤ አቶ አለበል የሆነውን ሁሉ የዚያኑ ዕለት ሰሙ። ማን እንደነገራቸው አልናገርም፤ ምላሴ አንዳንዴ ከእኔ ይቀድማል። ልጃቸውን አልተቆጧትም። ያቀረበችላቸውን ይበላሉ፣ ስትወጣ ደህና ዋይ አይሏትም፣ ስትገባም ቀና ብለው አያይዋትም። አስቻለች ደረጃው ላይ ስታገኘኝ የሰዎቹ ነገር ተሳካ፣ የቤቴ ግን ተበላሸ አለችኝ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሰው ግን አልሸሻትም። እንዲያውም የጋሼ ተዘራ ሚስት አራስ ልጄን ጠይቂልኝ ብላ ቤቷ ድረስ ወሰደቻት፤ ሕፃኑንም አስታቀፈቻት። ይህንንም ለአቶ አለበል የነገረ ሰው አለ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ዋጋው ወጣ። በነስ ጺዮና መንገድ ላይ የሚጀመረው መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጠፈ፤ ግንበኛ፣ ለሳኝ፣ አናጢ፣ ለየራሱ መስመር አለው። በርዝላንም ለብቻው ተጽፏል፣ ክፍያውም በሌላው ግንባታ በርዝላኖች የሚያገኙት ነው። እኔም ከታች አለሁ፣ በተራው። ጋሼ ተዘራ ሥራ በተጀመረበት ጠዋት አቶ አለበልን ከቤታቸው ይዘዋቸው መጡ። ሽማግሌው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። አስቻለች በሩ ላይ ነበረች፤ ስታያቸው የምትገባበት ጠፋት።

አቶ አለበል ማንበብ አያውቁም። ወረቀቱን ትንሽ አዩት።

"የቱ ጋ ነው ያለነው?" አሉ።

አስቻለች የአባቷን ጣት ይዛ በርዝላን የሚለው ላይ አኖረችላቸው። ክፍያውን ልታነብላቸው ስትል ተይው አሏት፤ ጣታቸውን ግን አላነሡም። የአዲሱ ግንባታ ፎርማን፣ ኦረን የሚባል ጎልማሳ፣ ከውስጥ ወጥቶ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ቢያይ ማን ናቸው ብሎ ጠየቀ። አስቻለች ልትመልስለት ስትል አባቷ በእጃቸው አስቆሟት። ዕብራይስጣቸው ትንሽ ናት፤ ያለቻቸውን ሰበሰቧት።

"አኒ በርዝላን" አሉት።

ከዚያ ወደኛ ዞሩ። ድምፃቸውን መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማው ከፍ አድርገው፣ በአማርኛ፣ "ቀጥቃጭ ነኝ" አሉ። "ይቺ ደግሞ ልጄ ናት።"