መንገድ የበላው ተራ

ራህመት ዓለም ገና ላይ የሕንፃ መሣሪያ ስትሸጥ ሃያ ዓመት አልፏታል። ከስልጤ አባቷ ይዟት ሲመጣ ልጅ ነበረች፤ ጨውና ላምባ እየቸረቸረች አደገች። ኡበይድን ያገባችው ሲሚንቶ ተሸካሚ ሳለ ነው። ሱቁን አብረው ነው ያቆሙት፤ የመጀመሪያውን ዕቃ ያስገቡት የሷን የወርቅ አምባር ሸጠው ነው። ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ፣ ከአዲስ አበባ ከሚመጣው ኮንትራክተር ጋር በአማርኛ ትከራከራለች። የረታት ሰው እስካሁን አልተሰማም።

ኡበይድ ቡራዩ ላይ ሁለተኛ ሱቅ ሲከፍት ሁለተኛ ሚስትም አገባ። ሬሐና ትባላለች፤ ከራህመት በብዙ ታንሳለች። ራህመት አልጮኸችም፣ ሽማግሌም አልሰበሰበችም። ያለችው «ተራ ይጠበቅ» ብቻ ነው። ሁለት ሌሊት ዓለም ገና፣ ሁለት ሌሊት ቡራዩ። ሃይማኖቱም የሚያዘው እኩል ማድረግን ስለሆነ ኡበይድ ተስማማ። ሁለቱ ሴቶች ግን አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው አያውቁም። ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ነጠላዋን ሰብስባ ትወጣለች።

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የማስተር ፕላኑ ነገር ተነሣ። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ የዙሪያዋ ከተማና የገበሬው መሬት ሊጠቃለል ነው ተባለና ወጣቱ አደባባይ ወጣ። አንድ ቀን ሰበታ፣ አንድ ቀን ሱሉልታ፣ አንድ ቀን ቡራዩ መንገድ ይዘጋል። ጥይት ይሰማል፣ ሰው ይሞታል፤ ራህመትም ከጎረቤቶቿ ጋር ለቅሶ ትቀመጣለች። የሷ የብቻዋ ሐዘን ግን ሌላ ነበር። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ኡበይድ የሚያዘው ቡራዩ ነው። «መውጫ የለም፣ እዚሁ ማደሬ ነው» ብሎ ይደውላል። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ያለፈው አለፈ። የሚበላው ሁልጊዜ የራህመት ተራ ነው።

ይህን የነገረችው ለጎረቤቷ ለወርቅቱ ብቻ ነው። ወርቅቱ የኦቦ ጎበና ሚስት ናት፤ እርሻም አሸዋ ንግድም አላቸው። ምክር ከመስጠቷ በፊት መቀለድ ይቀናታል።

«መንገዱም ወጣት ይወዳል ማለት ነው» አለቻት።

«ሂጂ ወዲያ!» አለች ራህመት። ሌሊቱን ግን ቃሉ አላስተኛትም።

ታኅሣሥ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴዎች ማኅበር ሽርሽር አዘጋጀ። ለየንግድ ፈቃዱ አንድ የሴት ወንበር ተመደበ፤ ጠዋት የአንድ ቀራፂ የሐውልት አትክልት ቦታ፣ ከሰዓት ጥንታዊው የአዳዲ ማርያም መንደር፣ በአስጎብኚ። የታሰበው ሁለት መኪና ነበር፤ አንዱ ከቡራዩ፣ አንዱ ከዓለም ገና። ከሹፌሮቹ አንዱ «ልጆቼን የምታበላውን መኪና እሳት ውስጥ አልነዳም» ብሎ ቀረ። ስለዚህ አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ከቡራዩ ተነሥቶ የዓለም ገናዎቹንም እንዲጭን ተደረገ። ኡበይድ ሁለት ፈቃድ ስላለው ለሁለቱም ቤት ወንበር ወስዷል። መኪናው አንድ መሆኑን ግን የነገረው የለም።

ራህመት እሑድ ጠዋት በመኪናው ደረጃ ስትወጣ ከሹፌሩ ጀርባ ሬሐናን አየቻት። አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። ራህመት ልትመለስ አንድ እግሯን አወረደች፤ ወርቅቱ ግን ከኋላዋ ነበረች።

«ግቢ! የወረድሽ እንደሆነ ሽርሽሩ የሷ ሆነ ማለት ነው።»

ገባች። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሆኖ ማጅራት ማየት ይመቻል። መንገዱን ሙሉ ያየችው ያንን አረንጓዴ ሻሽ ነው። አዲስ ነው። መቼ ነው የተገዛው? ማን ገዛው?

አስጎብኚው ጂሬኛ የዚያው አገር ሰው ነው፤ ማይክ ሳይዝ የሚሰማ ድምፅ አለው። የሐውልቶቹ ግቢ ከዓለም ገና ወጣ ብሎ በቡታጅራው መንገድ ላይ ነው። ጽጌረዳውና ቁልቋሉ መሐል ከሲሚንቶና ከብረት የተሠሩ ሰዎችና እንስሳት ቆመዋል፤ የሚያርስ ገበሬ፣ እንጨት ያዘለች ሴት፣ ጆሮውን ያቆመ አህያ።

«ይኼ አህያ የኛን አህያ ቁርጥ ነው» አለች ወርቅቱ። «እሱም እንደዚህ ቆሞ ነው የሚውለው።»

ቀራፂው እጁን እየጠረገ ብቅ አለ። ሰላምታ አዳረሰና ሬሐና ጋ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«እንዴ! የኡበይድ ባለቤት! ፌሮ ብረቱን በሰዓቱ ነው ያደረስሽልኝ፣ አመሰግናለሁ።»

ሴቶቹ ዓይናቸውን አዞሩ። ግማሹ ራህመትን አየ፣ ግማሹ ቁልቋሉን። ሬሐና አንገቷን ደፋች፤ ግን «እኔ አይደለሁም» አላለችም። እንዴት ትበል፣ ናት እኮ።

ራህመት ወደ አህያው ሄዳ በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ የሚታየውን ብረት በጣቷ መታ መታ አደረገች። «ይኼ ቀጭኑ፣ ስምንት ቁጥሩ ነው» አለች ጮክ ብላ። «ለዚህ ክብደት ስምንት ቁጥር የሸጠልህ ሰው ሥራውን አያውቅም። ይሄው ተሰንጥቋል።»

«አሥራ ሁለት ነው እኮ፣ እናቴ» አለ ቀራፂው ቀስ ብሎ። «ስንጥቁን ያመጣው ፀሐይ ነው።»

ጎንበስ ብላ አየችው። አሥራ ሁለት ነው። በዓይኗ ብቻ ፌሮ ለይታ የምትሸጥ ሴት፣ ዛሬ አሥራ ሁለቱን ስምንት አለችው።

«ቅናት ብረት ያቀጥናል» አለች ወርቅቱ በጆሮዋ።

«ዝም በይ፣ በናትሽ።»

ምሳ መኪናው ጥላ ሥር ተበላ። የነቢያት ጾም ስለነበር ሽሮና ጎመን ነው የቀረበው፤ የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ የሚል ጣጣ ሳይኖር ሁሉም ከአንድ ትሪ ቆረሰ። ራህመት ሬሐና ካለችበት ትሪ ራቅ ብላ በላች። ሦስት ጊዜ ግን ቀና ብላ አይታታለች፤ አጎራረሷም ደስ አላላትም።

አዳዲ ሲደርሱ ጂሬኛ ከፊት ሆኖ መንደሩን አሳያቸው። የድንጋይ ካብ፣ ሣር ቤት፣ አውድማ ላይ የሚሽከረከር በሬ። «ቤተ ክርስቲያኑ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ከአንድ አለት እንደተፈለፈለ ይነገራል» አለ። «ወደ መካከለኛው ዘመን ገብታችኋል ማለት ነው። መብራት የለም፣ የቧንቧ ውሃ የለም።»

«ዓለም ገናም እኮ ከሐሙስ ጀምሮ መብራትም ውሃም የለም» አለች ወርቅቱ። «ለኛም ጎብኚ ላኩልን እንጂ!»

ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወርዱ ራህመትና ሬሐና ውጪ ቀሩ። ሌሎቹ ሙስሊም ሴቶች የመንገዱን ወሬ ሰምተው ከቤታቸው አልወጡም ነበር። ወርቅቱ ቦርሳዋን አስቀመጠችና «ጫማውን ሁለታችሁ ጠብቁልን» ብላ ዓይኗን ጠቅሳ ወረደች።

አንድ ወይራ ሥር፣ በጫማ ክምር ግራና ቀኝ ተቀመጡ።

«እትዬ ራህመት፣ ውሃ ይጠጣሉ?» አለች ሬሐና።

«እትዬ አትበይኝ። እህትሽም አክስትሽም አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ልበልዎት?»

«እስከዛሬ ምን ስትይኝ ነበር? ያንኑ በይኝ።»

ሬሐና ውሃውን ራሷ ጠጣችው፤ አፏን ጠረገች። «እስከዛሬ የምልዎት ቢሰሙት አይወዱትም። እኔ ቤት እኮ ሁልጊዜ ሁለት ሴቶች ነን፤ እኔና እርስዎ። ሽሮ ስሠራ ‹ራህመት ቀጠን ታደርገዋለች› ይለኛል። ሚስማር ስሸጥ ‹ራህመት በዚህ ዋጋ አትለቅም›። አንድ ቀን ‹እንግዲያው ራህመትን አምጣና ትሽጥልህ› አልኩት።»

ራህመት ፊቷን ወደ አውድማው አዞረች። ደስታዋ እንዳይታይባት ነው። «እና ምን አለ?»

«ሳቀ። ሳቂታ አይደል? ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ እንኳ ያንጎራጉር የለ?»

ደስታው እዚያው ላይ ተቆረጠ። ኡበይድ ሲያንጎራጉር ሰምታ አታውቅም። እሷ ቤት ጠዋት ከአፉ የሚወጣው «ቁልፉ የት ነው?» ነው። «አዎ፣ ያንጎራጉራል» አለች። ከዚያ መታገስ አቃታት፤ «አንቺ ጋ ምንድነው የሚለው?»

«መንዙማ ነው። ሲለው ደግሞ የሠርግ ዘፈን።»

የሠርግ! ራህመት ከጫማው ክምር አንዱን አንሥታ አቧራውን አራገፈች። የማን እንደሆነ እንኳ አላየችም።

ሹፌሩ እየሮጠ የመጣው ያኔ ነው። «ጥሯቸው፣ እንውጣ! ከሰበታ ወዲያ ተዘግቷል። ቡራዩም ተዘግቷል።»

ወጣቶቹ እንዲያሳልፏቸው መኪናው ፊት ላይ እርጥብ ቅጠል አስረው ተነሡ። ሹፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ ሲነዳ ስልክ ጮኸ። መጀመሪያ የጮኸው የሬሐና ነው፤ ራህመት ይህንንም መዘገበችው። የሷ ቀጥሎ ጮኸ።

«ራህመት፣ ደህና ናችሁ? እኔ ሒሳብ ልሠራ ዓለም ገና መጥቼ ተዘጋብኝ፤ ቡራዩ መግባት አልችልም። እዚሁ ነው የማድረው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ቅድም ለሷ ስደውልም ይኼው ጡሩምባ ነው የተሰማኝ። ምንድነው?»

«አንድ መኪና ውስጥ ነን» አለችው።

«ሃሎ? ሃሎ? ኔትወርኩ...» ተቋረጠ።

ራህመት ወንበሩን ተደገፈች። የዛሬው ሌሊት የሬሐና ተራ ነው። ኡበይድ ግን ዓለም ገና ነው፤ መንገዱ በመጨረሻ ለሷም አደላ! ይህን ስታስብ ትንሽ አፈረች፤ በሰው ደም በተዘጋ መንገድ ደስ አይባልም። ግን ደስ አላት። የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ ሬሐና የት ታድራለች?

ዓለም ገና ከተማ ጥግ ሲደርሱ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ወጣቶች ቆመዋል። ጂሬኛ እጁን ከፍ አድርጎ ወረደ። «አካም ጅርቱ ኦቦሌያን!» ወንድሞቼ እንዴት ናችሁ ማለቱ ነው። ወርቅቱም በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«በዚህ ቀን የት ሄዳችሁ ነው?» አላት አንዱ በኦሮምኛ።

«ድንጋይ ልናይ።»

«ድንጋይ ፈልጋችሁ ነው? እዚህ ሞልቶልን!»

ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ትልልቁን ድንጋይ ወደ ጎን አንከባለሉላቸው። «እስከ ከተማው ብቻ» አለ ልጁ። «ከዚያ ወዲያ ወታደር አለ። አትሞክሩት።»

ዓለም ገና ላይ ሁሉም ወረደ። የቡራዩ ሴቶች መግቢያ የላቸውም፤ የዓለም ገናዎቹ አንድም ሁለትም እያሉ በየቤታቸው ወሰዷቸው። ማንም ግን ሬሐናን አልጠራትም። ሁሉም ሌላው ይናገር ብሎ ጠበቀ። ባዶው መኪና አጠገብ ቦርሳዋን አቅፋ ብቻዋን ቆመች።

ወርቅቱ ራህመትን በክንዷ ሳበቻት። «እኔ ልውሰዳት? ሦስተኛ ሰው አይከብደኝም። አንቺ ግቢ፣ ባልሽ እየጠበቀሽ ነው።»

ይኸው መውጫ። ራህመት እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ኡበይድ ታያት፤ የሷ አልጋ ላይ ተኝቶ ጆሮው ወርቅቱ ጓሮ ያለ ኡበይድ፤ «በላች ይሆን? በርዷት ይሆን?» እያለ የሚያድር። ገላው እሷ ጋ፣ ልቡ ጎረቤት። እንዲህ ያለ ሌሊት ምን ሊረባት ነው?

«አይሆንም» አለች። «ዓይኔ ሥር ትደር።» ወደ ሬሐና ዞራ፤ «ምን ያስቆምሻል? ነይ እንጂ!»

ኡበይድ በሩን ከፈተ። ሁለቱን አየና ዓይኑን መሐላቸው ባለው ግድግዳ ላይ ተከለ።

«አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ገባችሁ።»

«ዛሬ የማን ተራ ነው?» አለች ራህመት።

«እ... የሷ።»

«ቤቱስ የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«እንግዲያው የሷን ተራ እኔ ቤት አትከፍልም፤ የሷንም ተራ ለኔ አትሰጥም። ሱቁ የማናችንም ቤት አይደለም። ፍራሽ ያዝና ሂድ፤ በዚህ ግርግር ዕቃውም ጠባቂ ያገኛል።»

«ሲሚንቶ ላይ ልተኛ ነው?»

«ድሮ አልተሸከምከውም? ዛሬ ይሸከምህ።»

ሬሐና ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በሻሿ ያዘች። ኡበይድ አንዴ ወደ አንዷ፣ አንዴ ወደ ሌላዋ አየ። ከሁለቱም በኩል ምሕረት አላገኘምና ፍራሹን ጠቅልሎ መንገዱን ተሻገረ። ራህመት መቀርቀሪያውን ገፋች።

«አሁን ተቀመጪ» አለች። «ከእንግዲህ መንገድ የበላው ተራ አይጠፋም። መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ እሱ ይተካል፣ ከዚያ ነው ሌላው የሚቆጠረው። እሱ አይቆጥርልንም፤ እኛ እንቁጠር።»

ሬሐና ነጋዴ ናት፤ ቶሎ አልተቀበለችም። «ከዛሬ ጀምሮ?»

«ካለፈው ጀምሮ።»

«ያለፈው የአላህ ሥራ ነው። ከዛሬ።»

«እኔ ብቻዬን ያደርኩትን ሁሉ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው? አንቺም ታውቂያለሽ።»

ሬሐና በጣቷ ቆጠረች። «እሺ፤ ካለፈው አንዱን እመልሳለሁ። የዛሬውን ግን ይተካልኛል።»

«ሁለት።»

«አንድ። ካልሆነ ወርቅቱ ቤት እሄዳለሁ።»

ራህመት በክርክር ተረትታ አታውቅም። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ «አንድ» አለች። ተጨባበጡ። ከዚያ ሽሮ ሠራች፣ ቀጠን አድርጋ። ሬሐናም በላች፤ ጣፈጠኝ አላለችም።

ለመኝታ ራህመት ሣጥኑን ከፈተችና አዲሱን ብርድ ልብስ አወጣች። ለእንግዳ የሚሰጠው እሱ ነው። ትንሽ ይዛው ቆየች፤ መልሳ አስገባችውና ሁለተኛውን፣ የቤት ሰው የሚለብሰውን፣ ሰጠቻት።