ቀርከሃው የቆመ ጊዜ

አሁንም ዝናብ ከሩቅ መጥቶ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር፣ ሬዲዮናችን ጣቢያ ሲያጣ የሚያሰማው ሽሽታ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። ጅማ አጠገብ ሰርቦ ያለው ቤታችን ከኮረብታ ሥር ስለነበር ክረምቱን ሙሉ የምንሰማው እሱን ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ታላቅ ወንድሜ በቀለ ወደ ሰሜን ዘምቶ፣ ዓመት ሙሉ ደብዳቤው ጠፍቶ፣ እናቴ ስሙ በተነሳ ቁጥር ከቤት ትወጣ ነበር።

መስከረም ሲጠባ አንድ የቆሰለ ወታደር ወደ አገሩ ወደ ሰቃ ሲያልፍ እኛ ዘንድ ጎራ አለና «በቀለ ደህና ነው፤ ለቤተሰብ የሚተላለፈውን ሰላምታ ሲቀዱት አይቻለሁ። እሁድ እሁድ ጠዋት ሬዲዮ ጠብቁ» አለን። እናቴ አብልታ ሸኘችውና «ድምፁን ካልሰማሁ አላምንም» አለች። እሁድ በመጣ ቁጥር ተሰብስበን ጆሯችንን ሰጥተን እንቀመጥ ነበር፤ ሽሽታ ብቻ።

ኅዳር ገብቶ ቡናው ሲቀላ፣ አናጢው አባቴ ተነሳ። ሦስት ረጃጅም ቀርከሃ ጫፍ ለጫፍ ቀጥሎ፣ በቃጫ ጠፍሮ የሬዲዮ አንቴና የሚሰቀልበት ምሰሶ አዘጋጀ። ለጫፉ የሚሆን ሽቦ ግን ከየት ይምጣ? የነበረን ቡና የምናደርቅበት የሽቦ አልጋ ነው፤ እሱንም በቀለ ሳይዘምት በገዛ እጁ የሠራው፣ ሰው እንዲነካበት የማይወደው ነው። አባቴ እናቴን አያት።

«ምን ታየኛለህ? ቡናው ሰሌን ላይ ይደርቃል፤ ፍታው!» አለችው።

አንድ እሁድ በማለዳ ጎረቤታችን አባ መጫ፣ ቤት ማቆም የሚያውቁ ሽማግሌ፣ ሰው ይዘው መጡ። ቀርከሃውን ከዳር እስከ ዳር አይተው «ወላሂ፣ በዚህ እንኳን ልጅህን ጨረቃንም ታወርዳለህ!» ብለው አባቴ ላይ ሳቁበት። ከዚያ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ!» እያሉ ሲቆጥሩ ወንዱ ሁሉ ገመዱን ሳበ። ምሰሶው መሐል ላይ ጎብጦ ቀጭ ቀጭ አለ። «ጀባዳ! በርቱ፣ እንዳትለቁ!» ሲሉ ቀና ቀና ብሎ፣ ከጣራውም ከዋንዛውም በላይ ቆመ።

ያን ዕለት ድምፅ ጥርት ብሎ ገባ፤ የሌላ ሰው ልጆች ግን ነበሩ። እናቴ ሁሉንም በየስማቸው መረቀች። በሦስተኛው እሁድ ግቢው በሰው ሞልቶ ሳለ ሬዲዮው ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ እናቴም ገና ሳይናገር ብድግ አለች።

«እማዬ፣ አባዬ፣ እኔ በቀለ ደህና ነኝ። ቡናው ደርሶ ይሆናል፤ አደራችሁን፣ ያንን የሽቦ አልጋዬን ማንም እንዳይነካብኝ!»

ሰው ሁሉ ሽቅብ ወደ ቀርከሃው አየና በሳቅ ፈነዳ። እናቴ እየሳቀች፣ እያለቀሰች እልልታውን አቀለጠችው፣ የአባ መጫ ሚስት ተቀበለቻት፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ። አባቴ ቀርከሃውን እንደ ጎበዝ ትከሻ መታ መታ አደረገው። በቀለም ኋላ በሰላም ገባ፤ ለአልጋው ሲል ሦስት ቀን አኩርፎናል።

ዛሬ ኮረብታው ላይ የብረት ማማ ቆሟል። የልጅ ልጆቼ ከጅማም ከአዲስ አበባም በፈለጉት ሰዓት ይደውሉልኛል፣ ፊታቸውንም አያለሁ፤ ተመስገን ነው። ብቻ ድምፃቸው ሲመጣ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ፤ ጎረቤት እልል አይልም።