አልነሳም ያለኝ ላፕቶፕ

ትናንት ጠዋት... ከሰዓት የማስተርስ ዲፌንሴ ነው፣ እኔ ካዛንችስ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ የመጨረሻዎቹን ስላይዶች አስተካክላለሁ። ድንገት ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ከዛ ጥቁር። በቃ... ጭጭ።

ማብሪያውን ተጫንኩት። ምንም። ቻርጀሩን ሰካሁ... ትንሿ መብራት በራች፣ ፋኑ እርርር ብሎ ጮኸና ጠፋ። ነቅዬ ትንሽ ጠበቅኩና መልሼ ሰካሁት። ማብሪያውን ጣቴ እስኪነጣ ተጭኜ ያዝኩት። አሁንም እርርር... ጥፍት።

ፍላሽ ላይ ኮፒ አለኝ፣ ግን የድሮው ነው። አማካሪዬ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ካስቀየሩኝ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ያለው እዚሁ ሬሳ ውስጥ ነው።

ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግን ቢኒያም የሚባል ልጅ አለ፤ የመሥሪያ ቤታችንን ፕሪንተሮች የሚሠራልን እሱ ነው። እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ቢኒ፣ በናትህ! ዲፌንሴ ዛሬ ነው!»

«ተረጋጊ። ወድቆብሻል? ውሃ ነክቶታል?»

«ኧረ ምንም! ማለቴ... ይሄ በጣት የምንነካው ማውሱ ብቻ ሰሞኑን አልጫን ብሎኝ ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ጫፉን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ። ብሎኖቹን ፈታ፣ ክዳኑን ሲያነሳው...

ባትሪው እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል! ማውሱን ከስር የገፋው እሱ ነው።

«እስቲ ራቅ በይ» አለኝ ቢኒ።

ቀስ ብሎ ሊያላቅቀው ሲሞክር እስስስ የሚል ድምፅ ሰማን። ከዛ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ... ከዛ ጭስ።

«ውጪ! ውጪ!»

ባትሪውን በፒንሳ ይዞ ከኋላዬ በሩጫ ወጣ። በሩ ፊት ለፊት ለመንገድ ሥራ የተቆለለ አሸዋ ነበር፣ እዛ ላይ ወረወረው። ወዲያው ቦግ አለ! መንገደኛው ተበተነ። አንዲት እናት «በስመአብ ወወልድ!» እያሉ ወደኋላ ሸሹ። ቢኒ አካፋ አንስቶ አሸዋውን ይከምርበታል፣ እኔ በባዶ እጄ።

ጭሱ ሲቀንስ ወደኔ ዞረ። ላብ አጥምቆታል፣ ከንፈሩ ደርቋል።

«የት ነው ቻርጅ የምታደርጊው?»

አልጋ ላይ ነው። ጎተራ አካባቢ ባለው ቤታችን፣ አልጋችን ላይ ተሰክቶ ያድራል... በኔና በልጄ መሀል። ኪያ አራት ዓመቷ ነው። ሙቀቱን ስለምትወደው ተኝታ እግሯን ትለጥፍበታለች።

እዛው አሸዋ ላይ ቁጭ ብዬ ልጄን የምትይዝልኝ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ ኪያን አቅርቢልኝ።»

«ምነው ድምፅሽ? ምን ሆነሻል?»

«ምንም... አቅርቢልኝ ብቻ።»

ልጅት መጣች። «እማዬ፣ ካርቱን እያየሁ ነው እኮ!» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እዛው መንገድ ዳር፣ ሰው እያየኝ፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ቢኒ ከውስጥ ጮኸ። «ነይ እዪ! ያለ ባትሪ በቻርጀሩ ብቻ ተነሳ! ፋይልሽ አለ!»

ከዛ በፊት ቢሆን ኖሮ እዘል ነበር። ያኔ ግን «እሺ» ብቻ ነው ያልኩት፤ እሱ ራሱ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጦ አመጣልኝ።

ዲፌንሱን በጓደኛዬ ላፕቶፕ አቀረብኩ። ማስረዳቱ አላቃተኝም፣ እጄ ግን ይንቀጠቀጣል። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «አይዞሽ ልጄ፣ ይሄን ያህል የሚያስፈራ ነገር እኮ የለም» አሉኝ።

እሳቸውን ፈርቼ መስሏቸው ነው።