የአቶ ኤርጫፎ ቆርቆሮ

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ዛሬም ስልኬን አውጥቼ ተራራና ማሳ ለማንሳት በቆምኩ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን ያስቀኛል።

ሆሳዕና ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ትርፍ ጊዜዬ የሚያልቀው በስልኬ መልክዓ ምድር በማንሳት ነው። እንደኔ ያለ ሱስ የያዛቸው ሰዎች የተሰባሰብንበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አንዱ ፎቶ ይለጥፋል፣ ሌላው አስተያየት ይሰጣል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው አስተያየት «ዋው» እና «ተባረክ» ነው። ደፍራ የምትናገር አንዲት ፋርማሲስት ብቻ ነች፤ ጊምቢቹ ነው የምትኖረው። እሷ «ጥሩ ነው» ያለችው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወደ ዱራሜ ስሄድ፣ አንጋጫ አካባቢ ከመንገድ ዳር ካለች ጉብታ ላይ ሆኜ የማዶውን ተዳፋት አነሳሁ። እንሰቱ፣ ባሕር ዛፉ፣ ከላይ የተንጠለጠለው ጉም፣ ሁሉም ልክ ነበር። ግሩፑ ላይ ስለጥፈው እንደተለመደው «ተባረክ» ዘነበልኝ። ከዚያ ፋርማሲስቷ መጣች። «መሐል ላይ ያለው ቆርቆሮ ዓይን ይወጋል። እሱ ባይኖር አንደኛ ፎቶ ነበር» አለች።

እውነቷን ነው፤ አንድ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ፀሐይ አርፋበት ያብረቀርቃል። ስልኬ ላይ ባለው አፕ በጣቴ አሸት አሸት ሳደርገው ቤቱ ጠፋ፣ ቦታው ሣር ሆነ። መልሼ ስለጥፈው «አሁን ጥሩ ነው» አለችኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። በዚያ ላይ አንድ ማተሚያ ቤት ወዶት የአዲሱ ዓመት የግድግዳ ካላንደር አደረገው።

ኅዳር ላይ ታናሽ ወንድሜ ታምራት ሊያገባ ፈለገና ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። ልጅቷ ምሕረት ትባላለች፤ የከምባታ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ የሚኖሩት አንጋጫ አካባቢ ገጠር ነው። አባታችን በሕይወት ስለሌሉ እኔም እንደ ታላቅ ወንድም ከሽማግሌዎቹ ጋር እንድሄድ ተደረገ። ተናጋሪያችን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ላምቤቦ ነበሩ። መንገዱን ሙሉ የመከሩኝ አንድ ነገር ነው። «አንተ ዝም በል። ታምራት ስንት ጊዜ እንቅልፍ ያጣበትን ነገር በአንድ ቃል እንዳታበላሽበት።»

የልጅቷ አባት አቶ ኤርጫፎ በወጉ ተቀበሉን። ዘመድ እስኪሰበሰብ ተቀመጥን። ቀና ስል ግድግዳው ላይ የኔ ካላንደር ተሰቅሏል። በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ትንሽ ቆይቼ ልብ ብዬ ሳየው ግን ልክ መሐሉ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጫጫረ ነገር አለ። ቤት የመሰለ ነገር፣ ጭስ የመሰለ ነገር፣ ከፊቱ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ ሰዎች።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ቀደመኝ።

«ይህን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ያ አልበቃኝ ብሎ «ምነው፣ ልጆች አበላሹት እንዴ?» ብዬ ጨመርኩበት።

አቶ ኤርጫፎ ቀስ ብለው ተነሱ። ካላንደሩ ጋ ሄደው ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ።

«የሳልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ይሄ የኔ ቤት ነው። አሁን አንተ የተቀመጥክበት።»

በበሩ በኩል ወደ ውጭ ስመለከት ያቺ ጉብታ ከማዶ ቁጭ ብላለች። እኛ የመጣነው በእግር፣ ከታች በኩል ስለነበር ቦታውን አላወቅሁትም።

«ካላንደሩን ከገበያ ይዤ መጥቼ ጎረቤት ሁሉ ጠራሁ» አሉ። «‹አገራችን ወጥቷል፣ ኑ እዩ› አልኩ። የዚህኛው እንሰት አለ፣ የዚያኛው ባሕር ዛፍ አለ። የኔ ቤት የለም። ሣር ነው። ስንት ዓመት ተመኝቼ ቆርቆሮ ያለበስኩት ገና ባለፈው በጋ ነው። ጎረቤት ‹ኤርጫፎ አገር ለቆ ሄደ› እያለ ይስቅብኛል።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ለምን እንደመጣችሁ ገብቶኛል። ግን ልጅ የምትጠይቁት ከየትኛው ቤት ነው? በእሱ ፎቶ እዚህ ቤት የለም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የታምራት ፊት ድቅን አለብኝ። ጋሽ ላምቤቦ በከዘራቸው ጫፍ እግሬን ወጋ አደረጉኝና በተረጋጋ ድምፅ «ጥፋት አለ፤ እንክሳለን። ካሳውን እርስዎ ይንገሩን» አሉ።

«ቤቴን ይመልስ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

በመጀመሪያው ቀን እሺታ አግኝቶ የሚመለስ ሽማግሌ እንደሌለ እናውቃለን። «ዘመድ ላማክር» ተብሎ ቀጠሮ ይሰጠዋል። የኛ ጉዳይ ግን በአንድ ፎቶ ላይ ተንጠለጠለ።

በማግስቱ ከሰዓት ተመልሼ ጉብታዋ ላይ ወጣሁ። አቶ ኤርጫፎም «አብሬህ ልቁም» ብለው መጡ። አንድ አንስቼ አሳየኋቸው። «ቆርቆሮው አያበራም» አሉ። ሌላ አነሳሁ። «አሁንም አያበራም። የሚያበራው ጠዋት ነው። ጠዋት ና።» እኔና ፋርማሲስቷ ዓይን ይወጋል ብለን ያጠፋነው ብርሃን ለእሳቸው ዋናው ነገር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ስታርፍ አነሳሁና ስልኩን ሰጠኋቸው። ስልኩን ቶሎ አልመለሱልኝም።

አሳጥቤ፣ ፍሬም አስገብቼ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይዘነው ሄድን። አቶ ኤርጫፎ ረጅም ጊዜ አዩት። ለሚስታቸው ሰጡ፣ ለወንድማቸው ሰጡ። ታምራት ሆሳዕና ሆኖ ይደውልልኛል፤ እኔ ስልኬን አላነሳም፤ ምን ልበለው? በመጨረሻ አቶ ኤርጫፎ «ባሕር ዛፉ ትንሽ ጋርዶታል። ግን ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ሁሉ ቀላል ሆነ። ልጃቸውን ሰጡን።

አዲሱን ፎቶ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ፋርማሲስቷ «ያ ቆርቆሮ ተመልሶ መጣ?» አለች። ታሪኩን ከነገርኳት በኋላ የጻፈችው አንድ ቃል ነው፤ «ተባረክ።» ከእሷ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሠርጉ በኋላ በፋሲካ አቶ ኤርጫፎን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ፍሬሙ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አሮጌው ካላንደርም ከጎኑ እንዳለ ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ከቤቱ ፊት ከቆሙት ቀጫጭን ሰዎች መሐል በጥቁር እስክሪብቶ አንድ አዲስ ሰው ተጨምሯል።

«ይሄ ማነው?» አልኳቸው።

«ታምራት ነዋ።»

«እኔስ የት አለሁ?»

«አንተማ ከማዶ ነህ» አሉኝ እየሳቁ። «ፎቶ ታነሳለህ።»

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብላችሁ አስተያየት ብትጠይቁኝ፣ አሁን ሳላቅማማ የምመርጠው ያን በእስክሪብቶ የተጫጫረውን ነው።