የቆጡ መሰላል

ስሟን አልጠየቅኋትም። ወረታ ካለ አንድ የሩዝ መፈልፈያ ግቢ ውስጥ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በባዶ እግሯ ተቀምጣለች። ጫማዋን ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር ሰቅላዋለች። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ በየክረምቱ ጎርፍ የሚገባባት የፎገራ ልጅ ግን ውሃን አያምንም።

የምታስተካክለው የመጋዘኑን ፕሮግራም ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የገበሬው ሩዝ መረጃ ይበላሻል፤ ሁለት ኮምፒውተር እኩል ሲጽፍበትም ይደበላለቃል።

"አሁንስ ምን አደረግሽው፣ ልጄ?" አሏት መጋዘን ጠባቂው አያ ባየህ።

"አዲሱን ሌላ ቦታ ጽፎ ሳይጨርስ አሮጌውን አይነካም። አንዱ ሲጽፍ ደግሞ ፋይሉ ለሌላው ይቆለፋል። በክረምት እህል ወደ ቆጥ ስናወጣ መሰላሉን አንድ ሰው ብቻ እንደሚወጣው በሉት።"

"የቸኮለስ?"

ጣቶቿ ቆም አሉ። "ቢቸኩልም ይጠብቃል። ውሃ ቤታችን የገባ ዕለት እኔና ወንድሜ እኩል ወጣንበት። መሰላሉ ተሰብሮ ቆጡ ላይ የተረፍኩት እኔ ብቻ ነኝ።"

አያ ባየህ ጎንበስ ብለው መብራት የጠፋ ያህል የሚዛኑን ኮምፒውተር ሶኬት ነቀሉና መልሰው ሰኩት። የአንድም ገበሬ ሩዝ አልጠፋም። እሷ እንደ ልጅ ፈነደቀች።

ከዚያ ጫማዋን አውርዳ አጠለቀች። የወንድ ጫማ ነው፤ ስለሰፋት ጫፉ ላይ ጨርቅ ጎስጉሳበታለች።