የአከራዬ ግትር ውሻ

አጭር እግርና ረጅም ጆሮ ያለው ቡናማ ውሻ መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ዛሬም ቀኝ ትከሻዬን ይጠዘጥዘኛል። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ዓመታት፣ በሰው አገር፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ከአንድ ግቢ የጓሮ ክፍል ተከራይቼ ስኖር፣ ያን ትከሻዬን ሲጎትተኝ የከረመው እንደዚያ ያለ ውሻ ነበር።

ውሻው የአከራዬ ነው። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ አሮጊት ነበሩ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አምቡላንስ ውስጥ ሲያስገቧቸው ስለ ቤቱም ስለ ልብሳቸውም አላነሱም። እጄን ጨብጠው፣ «ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም። እስክመለስ ያዥልኝ» አሉኝ። ያሉት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ግን የሰማሁት አደራ ነው። አደራ በላ ከመሆን ደግሞ ሞት ይሻለኛል።

እኔ ባደግሁበት ቤት ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። ሽርሽር የሚወጣ ውሻ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ከገበያ በግ ገዝቶ እንደሚመለስ ሰው ገመዱን ይዤ ወጣሁ። በጉ ግን እኔው ሆንኩ።

ወደ ቀኝ ስለው ወደ ግራ ይላል። ና ስለው ይቀመጣል። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ አራት እግሩን ተክሎ አልነቃነቅ ይላል። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ በሁለት ቋንቋ ብሰድበው ከቁብ አይቆጥረኝም። ዳቦ ቤቱ አጠገብ ፓርኪንግ የሚሠሩ አንድ የአገሬ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ ነበር የምላቸው። ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «ሶ፣ ዛሬስ ማን ነው ማንን ዎክ የሚያደርገው?» ይሉኛል።

«ይሳቁ ጋሼ፣ ይሳቁ» እላለሁ ላቤን እየጠረግሁ።

አንድ ጠዋት ትዕግሥቴ አለቀ። አገር ቤት ሕፃን ልጅ ሳይቀር የሚያውቃት ዘዴ አለች፤ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት። ድንጋይ ባይኖርም ግድ የለም። እጅ ወደ መሬት ሲወርድ ያየ ውሻ ጅራቱን እግሩ መሃል ወሽቆ ይፈረጥጣል። በኔ ቤት ላስፈራራው ጎንበስ አልኩ። ያ ግትር ጅራቱን እየቆላ፣ በደስታ እየዘለለ እግሬ ሥር መጣና እጄን እጄን ያየኝ ጀመር።

ጋሼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ኳስ የምትወረውሪለት መስሎት እኮ ነው! የዚህ አገር ውሻ ድንጋይ የት ያውቃል!»

ንድድ አልኩ። ሰውዬውንም ውሻውንም ጠላኋቸው።

አከራዬ ነገ ይመጣሉ በተባለበት ቀን፣ እዚያው ዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ የአንገቱ ማሰሪያ ላልቶ ኖሮ ጭንቅላቱን አሹልኮ ወጣ። ገመዱ ባዶውን እጄ ላይ ቀረ። ውሻው መኪና ወደሚርመሰመስበት መስቀለኛ መንገድ ፈረጠጠ። እየጮህኩ ተከተልኩት። ዞር ብሎ ያየኝና መሮጤን እንደ ጨዋታ ቆጥሮ ይብስበታል። ጋሼም ከወንበራቸው ተነስተዋል፤ ያን ቀን አልሳቁም። በምን ዓይኔ ነው ሴትዮዋን የማያቸው?

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። መሮጤን ተውኩና ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው እጄን አስፋልቱ ላይ አሳረፍኩ።

ውሻው መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመ። እጄን አየ። ከዚያ ረጅም ጆሮው እየተርገበገበ ተመልሶ ወደ እኔ ሮጠ። አንገቱን አቅፌ እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ጋሼ እያለከለኩ ደረሱ። «የኛ አገር ውሻ ቢሆን ይሄኔ ጠፍቶልሽ ነበር» አሉ።

በማግስቱ አከራዬ በተሽከርካሪ ወንበር ሲመጡ ውሻው እንደ ልማዱ ጎተተኝ፤ እኔም ገመዱን ለቀቅሁለት። ጉልበታቸው ላይ ወጥቶ ፊታቸውን ሲልሳቸው፣ «አስቸገረሽ?» አሉኝ።

«ኧረ፣ ጨዋ ነው» አልኳቸው።

አከራዬም ውሻውም ካለፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ያ ግትር ይናፍቀኛል። ዛሬም እሱን የሚመስል ውሻ ሳይ፣ ሰው ይታዘበኛል ሳልል ጎንበስ ብዬ እጄን ወደ መሬት አወርዳለሁ።