በሁለት ቋንቋ የተሰበከችው በቅሎ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚጀመረው አባቴ ጫማውን ሲያወልቅ ነበር። ከተጂ ወዲያ ባለው የበቾ ሜዳ ለሳምንታት ሲዞር ሰንብቶ ሰበታ ወዳለው የሚሲዮን ቤታችን ይመለስና፣ ጥቁር ጭቃ የደረቀበትን ጫማ ከማንደጃው አጠገብ አኑሮ፣ እግሩን ወደ ፍሙ ዘርግቶ «አንድ ሰው ነበር» ይላል። ያኔ ከእራት በፊት ያለችውን ያችን ሰዓት ከገና ይልቅ እወዳት ነበር፤ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ፋኖሱ የአባቴን ጥላ ግድግዳው ላይ እያገዘፈው፣ እናቴ ከጓዳ «ልጅቷን አታስቃት ብትባል እንኳ አትሰማም» እያለች ስታጉረመርም፣ እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ።

አባቴ ቄስ ኪዳኔ ይባላል። ከሰሜን በልጅነቱ መጥቶ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ፣ በኋላም ወደየገጠሩ ለሚላኩት ወንጌላውያን ሁሉ አለቃ የሆነ ሰው ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፣ በልቤ ግን አንተ ነበር፤ አሁንም የምጽፈው የልቤን ነው። የሰፈሩ ልጆች «ጸረ ማርያም» እያሉ ሲያባርሩኝ ሮጬ የምገባው እሱ ጋ ነበር።

ተረቶቹ ከመጽሐፍ የወጡ አልነበሩም። አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ ስትጸልይ አንድ ዓይኗን ጨፍና በሌላው ድስቷን የምትጠብቅ። አንድ ገበሬ ነበር፣ ቄስ ሊጠይቀው በመጣ ቁጥር አውራ ዶሮውን አልጋ ሥር ደብቆ ሽሮ የሚያቀርብ፤ ጸሎት ሲጀመር ዶሮው ይጮሃል፣ አባቴም እንደ ዶሮው አንገቱን አስግጎ እየጮኸ ያሳየኛል። እንባዬ እስኪወርድ እስቅ ነበር። እነዚያ ሰዎች የት እንደሚኖሩ ጠይቄ አላውቅም፤ ተረት ውስጥ የሚኖሩ ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ክረምት እናቴ እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት የወለደችውን ሕፃን የቀበረችው አባቴ በሌለበት ነው፤ እሱ ሲመለስ የመቃብሩ አፈር ደርቆ ነበር። አሁንም ቀኗ ሲቃረብ አባቴ አንድ አዲስ ወንጌላዊ ሊሾም ወደ በቾ ለመሄድ ተሰናዳ። በማግስቱ ሊነሣ፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ወደ ጓዳ ስገባ እናቴ ግንባሯን እንስራው ላይ አስደግፋ ስታለቅስ ሰማኋት። «ይኼኛውንም ብቻዬን ልቀብር ነው» ትላለች። አላየችኝም።

ኮቴዬን ሳላሰማ ተመልሼ ወጣሁ። በዚያ ክረምት በበቾ ጭቃ መኪና አያልፍም፤ ያለ በቅሎ መንገድ የለም። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ የበቅሎዎቹ ጠባቂ ኦቦ ገመቹ ሣር ሊያመጡ ወጣ እንዳሉ፣ ጋጣ ገብቼ፣ ሌሎቹ ከወንጌላውያኑ ጋር ወጥተው ብቻዋን የቀረችውን የአባቴን በቅሎ ዳማን ፈታኋት። ቋጠሮው በጣቴ እንቢ አለኝ። ጥርሴ እስኪያመኝ ድረስ ታግዬ ነው የፈታሁት፤ የገመዱ ጣዕም፣ ላብና ጨው፣ እራት ላይ እንኳ ከአፌ አልጠፋም።

ጠዋት ዳማ የለችም። አባቴ ኦቦ ገመቹን ሠራተኛው ሁሉ በቆመበት ወቀሳቸው። «ይህን ሁሉ ዓመት በቅሎ ጠብቀው አንዲት ቋጠሮ አያጠብቁም?» አለና የጋጣውን ቁልፍ ተቀበላቸው። ኦቦ ገመቹ የሰበታ ሰው ናቸው፤ በሥራ ቀን በቅሎ ይጠብቃሉ፣ እሑድ ደግሞ አትሮንሱ አጠገብ ቆመው የአባቴን ስብከት ወደ ኦሮምኛ ይመልሳሉ፤ የአባቴ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም ነበርና። ያን ጠዋት የገመዱን ጫፍ አገላብጠው አዩት። ጠቅልለውም ሰቀሉት።

ዳማ የተገኘችው በአራተኛው ቀን፣ ዓለም ገና አካባቢ የሰው ጤፍ ስትግጥ ነው። አባቴ ግን ያን ጊዜ የትም የሚሄድ ሰው አልነበረም፤ በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ተወልዶ ነበር። ምጡ ከብዶ ስለነበር አባቴ ራሱ ሮጦ የሚሲዮኑን ነርስ ጠራ። ልጁ ጮኸ፣ እናቴም ተረፈች። የምፈልገውን ሁሉ አገኘሁ።

ደስታዬ ግን ኦቦ ገመቹን ባየሁ ቁጥር ይበላሽ ነበር። ቁልፉ ከተወሰደባቸው ወዲህ ማጭድ ይዘው ቅጥር ግቢውን ያጭዳሉ፤ እኔ ሳልፍ እንደ ድሮው «አከም ቡልቴ ማርታ» ይሉኛል፣ እኔ ግን ደህና አደሩ ሳልል አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ወር ሙሉ ቻልኩ። ከዚያ በአንዱ ምሽት አባቴ ጫማውን አውልቆ «አንድ ሰው ነበር» ሊል ሲል፣ ቀድሜ የራሴን ነገርኩት። ገመዱን፣ ጥርሴን፣ እናቴ እንስራው ላይ ተደፍታ ያለችውን ሁሉ።

አልተቆጣም። ፀጉሬን እያሻሸ ፍሙን አየ።

«አባባ፣ ለማንም አይንገሩብኝ» አልኩት። «እማማም እንደሰማኋት አታውቅም።»

«ይህ በእኔና በአንቺ መካከል ነው፤ ከዚህ ማንደጃ አይወጣም» አለኝ። «የኦቦ ገመቹን ነገር ለእኔ ተዪው።»

ከዚያ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰ ቆየ። ያኔ ያዘነ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ስብከት እያዘጋጀ ነበር።

በማግስቱ ቁልፉን ለኦቦ ገመቹ መለሰላቸው። «ይቅር ብዬዎታለሁ» አላቸው። ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት ሰው ይቅር ባይ ሆኖ ቁጭ አለ፤ እኔ ደግሞ ቁልፉ መመለሱን ብቻ አይቼ ተነፈስኩ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። መስከረም ጠብቶ በመጀመሪያው እሑድ እናቴ ወንድሜን አቅፋ ከወሊድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መጣች። ከአዲስ አበባ እንግዶች ነበሩ፤ ቦታው ሞልቶ ሰው በረንዳ ላይ ቆሟል። በአንድ ወገን አስተማሪዎቹና የክሊኒኩ ሠራተኞች፣ በሌላው አማርኛ የማይሰሙት የአካባቢው ገበሬዎች። አባቴ አትሮንሱ ላይ ሁለት እጁን ጭኖ «አንድ ሰው ነበር» አለ። ድምፁ የማንደጃው ድምፅ ነበር።

«ያ ሰው እኔ ነኝ» አለ። «ወንጌል ሊያደርስ ሲነሣ በቅሎው ጠፋችበት። በቅሎዋን ማን ፈታት? ትንሿ ልጄ ማርታ፣ ያቻትና!» በእጁ አሳየኝ። «በጥርሷ ፈታቻት!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቁ እስኪበርድ ታግሦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባለቤቱ ጓዳ ገብታ ምን ብላ እንዳለቀሰች ተናገረ። ቃሏን አንድ ሳያስቀር። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እናቴ ነጠላዋን በልጁም በራሷም ፊት ላይ ሳበችው፤ አገልግሎቱ እስኪያልቅ ድረስ አልገለጠችውም። ከኋላዬ ከተቀመጡት መካከል እትዬ ወለቴ የሚባሉ አሮጊት ብቻ ሳይስቁ አንገታቸውን ደፍተዋል። ድስቷን እየጠበቀች የምትጸልየዋ ሴት ማን እንደሆነች ያኔ ገባኝ። ለካ እኔም ያን ሁሉ ምሽት የሳቅሁት በሰው ምስጢር ነው።

ተራው የኦቦ ገመቹ ሆነ። በቅሎዋን ማን እንደፈታት እሳቸው እዚያው ጎኑ ቆመው ሰምተዋል። ወደ እናቴ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በኦሮምኛ እንዲህ አሉ፦ «በቅሎዋን ያሰርኳት እኔ ነኝ። አላጠበቅሁትም፣ ተፈታች። እግዚአብሔር ግን በእኔ ልል ቋጠሮ አንድን አባት ልጁ በሚወለድበት ቀን ቤቱ አዋለው።» በቃ። ስለ ሴት ልጅ፣ ስለ ለቅሶ አንድም ቃል የለም። ገበሬዎቹ ወደ ኦቦ ገመቹ እየጠቆሙ ሳቁ። ሁለቱንም ቋንቋ የምንሰማ ሰዎች እርስ በርስ ተያየን። አባቴ ስብከቱ በሁለቱም ወገን መሬት የያዘ መስሎት ፊቱ በራ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ከአገልግሎቱ በኋላ ጋጣ ሄድኩ። ኦቦ ገመቹ ዳማን እያሰሩ ነበር።

«ለምን አባባ ያሉትን አልተረጎሙም?» አልኳቸው።

«ቄሱ ረጅም አወሩ። እኔ አሳጠርኩት።»

«እኔ እንደሆንኩ ያውቁ ነበር?»

«ገመዱ ላይ የጥርስ ምልክት ነበር» አሉ። «ፍየል የለንም።» ቋጠሮውን ስበው አጠበቁት። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ የሰው ቤት ለቅሶ በሁለት ቋንቋ አይነገርም። በአንዱም መነገር አልነበረበት።»

ይቅርታ ልላቸው ነበር የሄድኩት። አለቀስኩ እንጂ አላልኩም።

ምሽት ላይ አባቴ ጫማውን አወለቀ። «አልናገርም ብለውኝ ነበር» አልኩት። ከልቡ ግራ ገባው። «ምስክርነት እኮ ነው ልጄ፤ ስንት ሰው ተጽናናበት» አለኝ። ያናደደኝ መዋሸቱ አልነበረም። አለመዋሸቱ ነው፤ ቃሉን ማጠፉን ጨርሶ አላወቀውም። ለእሱ የሰው ሕይወት ሁሉ፣ የእኛም ጭምር፣ ለእሑድ የሚሆን ነገር ነበር። ተነሥቼ ወደ ጓዳ ሄድኩ። እናቴ ወንድሜን እያጠባች ነበር፤ ቀና ሳትል «ከእንግዲህ በር ዘግቼ ነው የማለቅሰው» አለችኝ። ለእኔ ይሁን ለእሱ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ለአባቴ የልቤን ነግሬው አላውቅም፤ እሱም ጭምት ልጅ ወጣሽልኝ እያለ ይኮራብኝ ነበር።

አባቴ የሞተው ንጉሡ ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት በፊት ነው። ኦቦ ገመቹ ቀድመውት ሄደዋል። በድንኳኑ በአንዱ ጥግ የቀድሞ ወንጌላውያን ልጁ በቅሎ በጥርሷ የፈታችበትን ታሪክ አንሥተው በሐዘኔ መካከል ሊያስቁኝ ሞከሩ። በሌላው ጥግ አንዲት አሮጊት ለልጅ ልጃቸው በኦሮምኛ ሲያወሩ ሰማሁ። «ገመቹ የሚባል ነበር፤ ደግ ሰው፣ ግን በቅሎ ማሰር አያውቅም። እኛ አገር ቋጠሮ ሲላላ የገመቹ ቋጠሮ ነው የምንለው።» ልጁ ሳቀ። ቀና ብዬ አሮጊቷን አየኋቸው፣ አፌንም ከፈትኩ። ከዚያ አንድ ሰው እጄን ጨብጦ እግዚአብሔር ያጽናሽ አለኝ፣ እኔም አሜን ብዬ ዝም አልኩ።

አባቴን ምስጢሬን ስላወጣ ስንት ዓመት ተቀየምኩት። እኔ ደግሞ አንዲት ቃል ማውጣት ሲገባኝ ዋጥኳት፤ ሰበታና ዙሪያዋ በአንድ ሐቀኛ ሰው ስም እስከ ዛሬ ይስቃል። ስለዚህ አሁን እናገራለሁ፣ በሁለቱም ቋንቋ ለሚሰማኝ ሁሉ። ኦቦ ገመቹ ቋጠሮ ያውቁ ነበር። ጥርሴ ምስክር ነው።